የማያይ መምህር

የኢትዮጵያን መማሪያ ክፍል እንደ ፕላዝማ ጸጥ ያሰኘ መሣሪያ የለም። አርጩሜውም፣ ዩኒት ሊደሩም፣ በጥቁር ሰሌዳው ጥግ «ረባሾች» ብሎ ስም የሚመዘግበው የክፍል አለቃም እንዲህ ያለ ጸጥታ አላመጡም። ከ1997 ዓ.ም. አንሥቶ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ተማሪ ሒሳቡን፣ ፊዚክሱን፣ ኬሚስትሪውን፣ ባዮሎጂውንና እንግሊዝኛውን ከክፍሉ ፊት ከተተከለ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን፣ ከአንድ ማእከል በሳተላይት በሚሠራጭ ቅጂ ይማር ጀመር። ቅጂው በአብዛኛው የተሰናዳው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። ከክፍለ ጊዜው ትልቁን ድርሻ ስክሪኑ ይወስዳል፤ መምህሩ በመግቢያው ጥቂት ደቂቃ፣ በመውጫው ጥቂት ደቂቃ ይተውለታል፤ በመካከል ያለው ጊዜ የእርሱ አይደለም። ስክሪኑን ገታ ማድረግም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። ጎንደር ያለው ክፍልና ጂንካ ያለው ክፍል በአንዲት ደቂቃ አንዲቱን ዓረፍተ ነገር ይሰማሉ።

ስለ ፕላዝማ እንደ መንግሥት ፖሊሲ ብዙ ተብሏል። ስለ ወጪው፣ ስለ መብራቱ መቆራረጥ፣ ስለ ተበላሹት ዕቃዎች የተነገረውን እዚህ አልደግምም። እኔ ልመዝነው የምሻው እንደ አንድ ድርሰት ነው። ድርሰት ነውና፤ ደራሲ አለው፣ ተዋናይ አለው፣ ሰዓቱ የተለካ ነው፣ ከሁሉም በላይ ተደራሲ አለው። አንድን ቲያትር የሚመለከት ሐያሲ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ሥራ ተመልካቹን ማን ነው ብሎ አስቦታል?» የሚለውን ነው። በ2000 ዓ.ም. አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ በአንድ የክፍለ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሦስት ክፍለ ጊዜ ተከታትያለሁ። ከዚያም ወዲህ በእነዚያ ክፍሎች ያለፉ ወጣቶችን እዚህ አሜሪካ ባገኘሁ ቁጥር መጠየቄን አልተውሁም። የሚሉት ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «ይሮጣል፤ አይጠብቀንም።»

ከሦስቱ ክፍለ ጊዜዎች አንዱ ባዮሎጂ ነበር፤ ለእኔ ለሐኪሙ የታደለ አጋጣሚ ነው። ርእሱ የልብ አሠራር ሲሆን ሥዕሉ እጅግ ያማረ ነበር፤ እኔ በተማርሁበት ዘመን እንዲህ ያለ ሥዕል የሚያሳየን ቢገኝ ኖሮ በጭብጨባ በተቀበልነው። አቅራቢዋ ደም በቀለም ተለይቶ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ አሳየችና ጥያቄ ጠየቀች፤ ከቀኙ የልብ ክፍል የወጣው ደም ወዴት ይሄዳል? ከዚያም ዝም አለች። ክፍሉም ዝም አለ። ከስልሳ የሚበልጡ ልጆች ናቸው። ከፊቴ የነበረች ልጅ ወደ ጎረቤቷ ዘወር ብላ በአማርኛ አንድ ነገር ልትጠይቅ ስትል፣ ጎረቤቷ መልሱ እንዳያመልጣት በእጇ አፏን ያዘቻት። ሴኮንዶቹ አለቁ። አቅራቢዋ ፈገግ ብላ «በጣም ጥሩ!» አለችና ወደ ሚቀጥለው አለፈች። መምህሩ በሩ አጠገብ ቆሞ ከእኛው ጋር ይመለከት ነበር።

«በጣም ጥሩ!» የተባለው ማን ነው? አንድ ሰው አልተናገረም። ከድርሰቱ ሁሉ እጅግ የከበደኝ ይህ ቃል ነው። ምስጋናው ከመልሱ በፊት፣ ምናልባትም ከዓመት በፊት፣ በሌላ አገር በአንድ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጾ ተቀምጧል። ተማሪው ቢመልስም ባይመልስም፣ ቢያንቀላፋም ይመሰገናል። እንዲህ ያለው ምስጋና ከስድብ የሚለየው በምኑ ነው? ስድብ እንኳ የሚሰደበውን ሰው ያያል። ፕላዝማ ተደራሲውን ያሰበው ሁልጊዜ የሚገባው፣ ሁልጊዜ የሚመልስ፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት አንድ ተማሪ አድርጎ ነው። ያ ተማሪ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

በሚዛን እንናገር ካልን የፕላዝማን ደጋፊዎች ክርክር ማቃለል አይገባም። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፍጥነት ይስፋፋ ነበር፤ ፊዚክስ አጥርቶ የሚያስተምር መምህር ግን በአንድ ጀንበር አይበቅልም። የገጠሩ ልጅ ከከተማው ልጅ እኩል ትምህርት ያግኝ ማለት የጽድቅ አሳብ ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት አሲድና ቤዝ ሲገናኙ በስክሪን ቢያይ ምንም ካለማየት ይሻላል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ግን ከዚህ ሁሉ ሥር ያለውን ግምት ነው፤ ይኸውም ማስተማር ማለት ዕውቀትን አጥርቶ መናገር ነው የሚለውን። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ ከታተመ ወዲህ መምህር ባላስፈለገ ነበር።

በዚህ ረገድ ዲትሮይት በሚገኘው በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጄከብ ኩኒን የደረሰበትን ማስታወስ ይጠቅማል። ኩኒን አንድ ቀን በንግግሩ መካከል ጋዜጣ ዘርግቶ የሚያነብ ተማሪ አየና ገሠጸው። ያስገረመው ግን የተገሠጸው ልጅ ሳይሆን የሌሎቹ ሁኔታ ነበር፤ ምንም ያላጠፉት ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ወደ ደብተራቸው ሰበሩ። ከዚያች ገጠመኝ ተነሥቶ ዓመታት የፈጀ ምርምር አካሄደ። በየክፍሉ የቴሌቪዥን ካሜራ አስተክሎ መምህራንን ቀረጸ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍም ያልጠበቀውን ውጤት ገለጸ። ሥርዓት ያለውን ክፍል ሥርዓት ከሌለው የሚለየው መምህሩ ከጥፋት በኋላ የሚሰጠው ተግሣጽ ወይም ቅጣት አልነበረም፤ ጎበዙም ደካማውም መምህር በዚያ በኩል ብዙም አይለያዩም። ልዩነቱ ከጥፋት በፊት ባለው ነገር ነው። የጎበዙ መምህር ተማሪዎች መምህራቸው በጀርባውም ዓይን እንዳለው ያውቃሉ። አንዱን እያስረዳ ሌላው ጥግ ምን እንደሚደረግ ያያል፤ ትምህርቱም ሳይንጠባጠብ ሳይቋረጥ ይፈስሳል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልኝ እሻለሁ። ኩኒን ቴሌቪዥንን ወደ ክፍል ያስገባው መምህሩን እንዲያይለት ነበር። እኛ ጋ የገባው ቴሌቪዥን ግን ራሱ መምህር ሆኖ ነው፤ ዓይንም የለውም።

ሌላዋ ሜሪ ባድ ሮው ናት። ይህች የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሠራችው ሥራ ያነሣችው ጥያቄ ቀላል ነበር። መምህሩ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ መልስ ሳያገኝ ስንት ጊዜ ይታገሣል? አንድ ሴኮንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ወይ ጥያቄውን ይደግመዋል፣ ወይ ሌላውን ይጠራል፣ ወይ ራሱ ይመልሳል። መምህራኑ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ መታገሥ ሲለማመዱ መልሶቹ ረዘሙ፤ ሳይጠሩ የሚናገሩ ተማሪዎች በዙ፤ «አላውቅም» የሚሉና ዝም የሚሉ ቀነሱ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ መምህራን ጎበዝ ናቸው ብለው ለሚያምኑባቸው ልጆች ረዘም አድርገው የሚታገሡ፣ ደካማ ለሚሏቸው ግን ፈጥነው የሚያልፉ መሆናቸው ነው። የበለጠ ጊዜ የሚሻው ያነሰውን ያገኛል።

የእኛ የሐኪሞች ነገርም ከዚህ የተሻለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሃዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል የተባሉ ሁለት ሰዎች ሐኪም በሽተኛውን «ምን አመጣዎት?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ምን ያህል እንደሚያዳምጠው ለክተው ነበር። በአማካይ 18 ሴኮንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሽተኛው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሐኪሙ ያቋርጠዋል። እንግዲህ በሙያው የሠለጠነ፣ ዓይንም ጆሮም ያለው ሰው በአንድ ለአንድ ውይይት 18 ሴኮንድ ብቻ የሚታገሥ ከሆነ፣ ስልሳ ልጅ ፊት የቆመ መምህር ትዕግሥት ቢያጥርበት አይፈረድበትም። ፕላዝማ ግን ትዕግሥት አጥሮት ሳይሆን ትዕግሥት የሚባል ነገር በተፈጥሮው የለበትም። ዝምታውም ቢሆን መጠበቅ አይባልም፤ የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ነገር ሲመጣ ያውቃልና።

ስለ ጸጥታ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ከሙያዬ የተማርሁት ነው። እዚህ በስደት የማክማቸው አበሾች፣ በተለይም በዕድሜ የገፉት እናቶች፣ ለምናገረው ሁሉ «እሺ» ይላሉ። «ይህን መድኃኒት ጠዋትና ማታ ይውሰዱ።» «እሺ።» «ጨው ይቀንሱ።» «እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ከወር በኋላ ሲመለሱ ጠርሙሱ እንደ ታሸገ ከቦርሳቸው ይወጣል። «እሺ» ማለት «ገብቶኛል» ማለት እንዳልሆነ፣ «አደርገዋለሁ» ማለትም እንዳልሆነ፣ «አክብሬሃለሁ» ማለት ብቻ እንደሆነ የማያውቅ ሐኪም ማንንም አያድንም። ለዚህ ነው «ገባዎት?» ማለት ትቼ «እስቲ ቤት ገብተው ለልጅዎ እንዴት አድርገው ይነግሯታል? ለእኔ ይንገሩኝ» ማለት የያዝሁት። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚሰጥ ልማድ ነው።

መምህሩ ክፍሉን «ገባችሁ?» ሲል የሚሰማው «አዎ!» የሚል ኅብረ ዝማሬ የዚያች እናት «እሺ» ነው። በኢትዮጵያ ክፍል ውስጥ ከዚህ ጥያቄ የበዛ ጥያቄ አይጠየቅም፤ ከዚህ ጥያቄ ያነሰ የሚጠቅምም የለም። «አልገባኝም» ማለት ሦስት ጊዜ መዋረድ ነው፤ በመምህሩ ፊት፣ በጓደኛ ፊት፣ በራስ ፊት። ስለዚህ ጎበዝ መምህር ጥያቄውን ይለውጠዋል። «አንቺ፣ ከኋላ ያለሽው፣ ጓደኛሽ ያለውን በራስሽ ቃል ንገሪኝ፤ ከተሳሳትሽም ደግ ነው፣ አብረን እናቃናዋለን።» ይህ መምህር ክፍሉን የሚገዛው በዱላ አይደለም። እያንዳንዱ ልጅ ተራው የሚደርሰው መቼ እንደሆነ ስለማያውቅ ይነቃል፤ ተራው ሲደርሰው እንደማይዋረድ ስለሚያውቅም አይፈራም። የነቃና የማይፈራ ልጅ አይረብሽም። ቢረብሽ እንኳ ረብሻው ስለ ትምህርቱ ይሆናል።

የቋንቋውን ጉዳይ በአጭሩ ላንሣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አደረገ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን በጽኑ እደግፋለሁ፤ ነቀፌታዬ በድልድዩ ላይ ነው። እኔ በ1979 ዓ.ም. ሕክምና ልማር ሶቪየት ኅብረት ስገባ ሩሲያኛ አንዲት ቃል አላውቅም ነበር። አንድ ሙሉ ዓመት በመሰናዶ ፋኩልቲ አስቀመጡን። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መምህርታችን እስክሪብቶ ከፍ አድርጋ «ይህ ምንድን ነው?» እያለች ዐሥራ ሁለታችንንም በየተራ ትጠይቅ ነበር፤ ዐሥራ ሁለተኛው ሳይመልስ እስክሪብቶው አይወርድም። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ቃላት የመጡት ከወራት በኋላ፣ ቋንቋው እግር ካወጣ ወዲያ ነው። የኢትዮጵያ ልጅ ግን ስምንተኛን ጨርሶ ክረምቱን አሳልፎ መስከረም ላይ ሲመለስ፣ የሰውን ልብ አሠራር በማያውቀው ቅላጼ፣ በማይቆም ንግግር እንዲማር ተፈረደበት። ያችን ከፊቴ የነበረችውን ልጅ ዛሬም ድረስ አስባታለሁ። በአማርኛ ልትጠይቅ የነበረው ምን ይሆን? ደም ወዴት እንደሚሄድ ሳይሆን «ምን አለች?» የሚል ይመስለኛል።

«ታዲያ ከፕላዝማ በፊት የነበረው ክፍል ገነት ነበርን?» የሚለኝ ይኖራል። አልነበረም። ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ ጋር የኖረው መምህር ማስታወሻ ሲያስገለብጥ ውሎ ደወል ሲደወል የሚወጣ እንደ ነበር የዕድሜ እኩዮቼ ይመሰክራሉ። ስለዚህ የተሻለውን ከቅርቡ ታሪካችን ሳይሆን ከጥንቱ ልፈልግ። ብዙ ጊዜ የቤተ ክህነት ትምህርት የሽምደዳ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ከዘመናዊ ትምህርት ድክመት ላይ ጣት የሚቀስር ሁሉ «የቆሎ ተማሪ ውርስ ነው» ብሎ ያልፋል። ይህ ከግማሹ በላይ ስንፍና ነው። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያዘጋጁትንና መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመውን ሥራ ያነበበ ሰው ነገሩ ከዚህ የሰፋ መሆኑን ይረዳል።

በንባብ ቤት አንዱ መምህር ፊደል ከሚቆጥረው ሕፃን እስከ ዳዊት ደጋሚው ድረስ ሁሉንም በአንድ ጥላ ሥር ይዞ ይውላል። ይህ እንዴት ይቻለዋል? ፊደል የጨረሰው ፊደል የሚቆጥረውን ያስቆጥራል፤ ንባብ የዘለቀው ጀማሪውን ያስነብባል። የሚያስተምረው ልጅ ራሱ ይማራል፤ ያስተማረውን መርሳት ያሳፍረዋልና። ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል፤ እያንዳንዱ የየራሱን በየራሱ ቅላጼ ያነባል። ለእንግዳ ጆሮ ሁከት ነው። መምህሩ ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የተሳሳተችውን አንዲት ቃል ይሰማታል፤ ካለበት ሳይነሣ ያርማታል። ኩኒን በካሜራ ያገኘውን ይህ መምህር በጆሮው ይሠራው ነበር።

የቅኔ ቤት ደግሞ ከዚህ ይልቃል። ተማሪው ቀን ላይ ደበሎውን ተከናንቦ፣ ከሰው ተለይቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም ያልነበረ ቅኔ ይፈጥራል። በኋላ ወደ ነገራ ይመጣል፤ የቈጠረውን በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ያቀርባል። መምህሩ ያዳምጣል፤ ቤቱ ሲሰበር ያቃናል፣ ምሥጢሩ ሲላላ ይጠይቃል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀመርና ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ በስምንት ቤት መወድስ ይከብዳል። ከጓደኛ ቀድቶ ማቅረብ አይቻልም፤ ለእያንዳንዱ ቀን የዚያን ቀን ቅኔ ማቅረብ ግድ ነው። ዛሬ በየሥልጠናው «አሳታፊ ትምህርት» እየተባለ ከውጭ እንደ መጣ ሸቀጥ የሚቀርብልን ነገር በጎጃምና በወሎ አድባራት ሥር የዕለት ሥራ ነበር። ልብ በሉ፤ በዚህ ትምህርት ቤት መምህሩ ዋናውን ጊዜውን የሚያውለው በመናገር ሳይሆን በመስማት ነው።

ይሁንና አባቶቻችንን እንዳወደስን ብቻ አንለፍ። በዚያው ጥላ ሥር አለንጋ ነበረ፤ የሚኮበልል ልጅ እግሩ ከግንድ ጋር የሚታሰርበት ጊዜ ነበረ፤ ልጁን ለመምህሩ የሚያስረክብ አባት ዓይኑን ብቻ አደራ ብሎ ሌላውን አካል ለዱላ ይፈቅድ ነበር። ሴት ልጅ ከጥቂቶች በቀር በዚያ ጉባኤ አልታየችም። የዱላው ውርስ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሳይጎድል ተላለፈ፤ የማዳመጡ ውርስ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ዘመናዊው መምህር ከየኔታ የወሰደው አርጩሜውን ብቻ መሆኑ ከትምህርት ታሪካችን ሁሉ አሳዛኙ ምዕራፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልጅን በልጅ ማስተማር በቅርቡም «አንድ ለአምስት» በሚል ስም ተመልሶ ነበር። አንድ ጎበዝ ተማሪ ለአምስት ጓደኞቹ ኃላፊ ሆኖ ያስጠናቸዋል። በንድፉ ከንባብ ቤቱ የራቀ አይደለም፤ ክፍሉ ስልሳ በሆነበት አገር ከዚህ የተሻለ መላም አይገኝም። ነገር ግን ይኸው አደረጃጀት በቀበሌው፣ በገበሬው፣ በመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ መቈጣጠሪያ ሆኖ ስለ ተዘረጋ፣ ወላጅም ተማሪም በጥርጣሬ አየው። የቡድኑ መሪ አስጠኚ ነው ወይስ ተመልካች? ይህ ጥያቄ ባለበት «አልገባኝም» የሚል ቃል ከአፍ አይወጣም። ጥሩ አሳብ በመጥፎ ጌታ እጅ ሲወድቅ የሚሆነው ይኸው ነው። ኢሕአዴግ ካለፈ በኋላ አሳቡም አብሮ መጣሉን የሚደግፉ አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም።

በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ አገር ደነገጠ። 900,000 ከሚጠጉ ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በለጡ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ብዙዎች ወዲያው ጥፋተኛ ፈለጉ። ሐኪም አስከሬን ሲመረምር የሞትን ምክንያት ከአንድ በላይ አድርጎ መጻፍን ይለምዳል፤ እዚህም ጦርነት አለ፣ ወረርሽኝ አለ፣ ኩረጃን ለማስቀረት ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠቱ አለ። ፕላዝማ ይህን አመጣ የሚል ሰው ማስረጃ የለውም። እኔ የማነብበው ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ልጆች ዐሥራ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው «ገባችሁ?» ሲባሉ «አዎ!» እያሉ ከክፍል ወደ ክፍል አልፈዋል። የሚያስደነግጠው መውደቃቸው ሳይሆን እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም አለማወቁ ነው። በሕክምና እንዲህ ያለውን በሽታ ድምፅ አልባ እንለዋለን፤ የደም ግፊት ዓይነት ነው። የሚገኘው ሲለካ ብቻ ነው፤ ያለ ሕመም ዓመታት ይገድላል። መለኪያው ደግሞ በዓመት መጨረሻ የሚመጣ ፈተና ሳይሆን በየሰዓቱ የሚጠይቅና የሚሰማ መምህር ነው።

ያለ መምህር የማስተማር ሕልም ግን አያረጅም። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ታብሌት በሣጥን አድርጎ ያለ አስተማሪ ተወላቸው። ልጆቹ ከፍተው፣ አብርተው፣ በጥቂት ሳምንታት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር። ልጆቹን አደነቅሁ። ቢያንስ ታብሌቱ የልጁን ጣት ይጠብቃል፤ ፕላዝማ ይህን ያህል እንኳ ጨዋነት አልነበረውም። ዛሬ ደግሞ የሚያነጋግር ማሽን መጥቷል፤ ሲጠይቁት ይመልሳል፣ ሲደግሙት አይሰለችም። ከፕላዝማ ጋር አንድ አድርጌ አልነቅፈውም። ነገር ግን እርሱ የሚያገለግለው መጠየቅ የሚችለውን ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ የምናገረው አፏን ስለ ተያዘችው ልጅ ነው።

ወደ ራሳችን ሰፈር ልመለስና ላብቃ። በዋሽንግተን ዙሪያ በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ እናስተምራለን። ልጆቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ እጅ አውጥተው የሚከራከሩበት ክፍል ውለው ይመጣሉ፤ ቅዳሜ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ብለው በአንድ ድምፅ እንዲጮኹ እናደርጋቸዋለን። ከዚያም «የዚህ አገር ልጆች ሥርዓት የላቸውም» እያልን እናማርራለን። አብዛኛው አስተማሪ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ ደክሞት የሚመጣ ሰው ስለሆነ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይገባውም። ነገር ግን ከእነርሱ መካከል አንድ የታክሲ ነጂ አውቃለሁ፤ ፊደሉን ትቶ አይደለም፣ ፊደሉን አስጨርሶ ለልጆቹ አንድ የቤት ሥራ ይሰጣቸዋል። ለአያታችሁ ስልክ ደውሉና እኔ የማላውቀውን አንድ ቃል ይዛችሁ ኑ፤ ጽፋችሁ፣ ትርጉሙንም እናንተ አስረዱኝ ይላቸዋል። ባለፈው ዓመት አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ «እርኮት» የሚል ቃል ይዛ መጣች። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው አስተማሪ በእውነትም አያውቀውም ነበር። ልጅቷ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ በእጇም እየሣለች አያቷ ልጅ ሳሉ መንገደኛ ውሃ ይዞበት ይሄድ የነበረ የቆዳ ዕቃ መሆኑን አስረዳች። አንዱ ልጅ «አይፈስም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። ያን አላወቀችም፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አያቷን ልትጠይቅ ቀጠሮ ያዘች።